ለሞተር ያዘነ ሹፌር

ጎረቤቴ ሹፌር ነው። በሥራ ቦታው ስሙን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ጋሼ ሦስተኛ» ነው የሚሉት። መኪናው አምስት ማርሽ እያላት እሱ ከሦስተኛው አያልፍም። «አራተኛውንና አምስተኛውን ሳይነካ ያስቀመጠው ለልጆቹ ሊያወርስ ነው» ይላሉ ጓደኞቹ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። «ልጆቼ ይሸጡታል እንጂ መቼ ይነዱበታል» ይላቸዋል።

የሚሠራበት ድርጅት የሆቴል አንሶላና ፎጣ ያጥባል። ምድር ቤት ይታጠባል፣ ፎቅ ላይ ይተኮሳል፤ ደረጃው ቀኑን ሙሉ ጥቅል በተሸከሙ ሴቶች እንደተሞላ ነው። የተተኮሰውን ሦስት ነጫጭ ቫኖች ከከተማው ወጣ ብለው ወዳሉ ሆቴሎች ይወስዳሉ፤ ያደፈውን ጭነው ይመለሳሉ። አንደኛዋን የሚነዳት እሱ ነው።

ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጬ አውቃለሁ። ነዳጅ መስጫውን የሚረግጠው እንቁላል ላይ እንደቆመ ሰው ነው። ፍጥነቱ ከስድሳ አይበልጥም። ሞተሩ ግን በሦስተኛ ማርሽ ያንን ሁሉ መንገድ ያፏጫል፤ እሱ ያን ፉጨት ሲሰማ ደስ ይለዋል። «ስማት፣ ቀሏት ስትሄድ» ይለኛል።

ይህ አመል ከሜዳ አልመጣም። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ የሌላ ሰው የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት በከፍተኛ ማርሽ ሊወጣ ሞከረ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ እሱ ረገጠ። ሞተሩ አቃሰተ፤ እሱ አሁንም ጨምሮ ረገጠ። ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ነገር ቋ አለና ሁሉም ዝም አለ። ባለመኪናው ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ አጠገቡ አቁሞ አሳየው፤ የተሰበረውን ብረት መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና «የገደልከውን እወቀው» አለው። አልጮኸበትም። ቢጮህበት ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ የሞተር ጉርምርምታ በሰማ ቁጥር እጁ ሳያዘው ማርሽ ይቀንሳል። ለሞተር ያዝናል ማለት ነው፣ ሰው ለታመመ ዘመዱ እንደሚያዝነው።

ድሮ ይህ ማንንም አልጎዳም ነበር። ቫኖቹ ናፍጣ የሚጠጡ፣ ዕድሜያቸውም ዓይነታቸውም የተለያየ አሮጌዎች ስለነበሩ የቱ ስንት እንደበላ የሚያወዳድር አልነበረም። ከስምንት ወር በፊት ግን ሦስት አንድ ዓይነት የቤንዚን ቫኖች ተገዙ። አዲስ የስምሪት ኃላፊም መጣ፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ትሑት፣ ነገር የማይረሳ ሰው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴን ቢሮው አስጠራው።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ። ሦስቱ መኪናዎች እኩል ናቸው፤ መንገዱም ጭነቱም ያው ነው። ሁለቱ ለመቶ ኪሎ ሜትር አሥራ አንድ ሊትር ይበላሉ። የእርስዎ አሥራ አራት።»

«መኪናዋ ትሆናለች፣ አለቃ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ባለፈው ወር አለዋውጫችሁ ነበር። አሥራ አራቱ እርስዎን ተከትሎ ሄደ።»

ጎረቤቴ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እኔኮ ከሁሉም ቀስ ብዬ የምነዳው ነኝ።»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው» አለ ኃላፊው። «የሚጋልቡት ሁለቱ አሥራ አንድ፣ የሚያዘግሙት እርስዎ አሥራ አራት። ይህ ቤንዚን የት ይሄዳል?»

«ሌባ» የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረም። ሁለቱም ግን ሰምተውታል። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ትንሽ ነዳጅ ይበላል፤ ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። እንግዲያው ከመኪናዋ ታንክ በጎማ ቱቦ እየሳበ የሚወስድ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ ቁልፉን የያዘው ነው። ነዳጅ ቀድቶ ተባረረ የተባለ ሹፌር ሌላ ቦታ አይቀጠርም፤ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል።

«ሰኞ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለ ኃላፊው። «ታንኩ እስከ አፉ ይሞላል፤ ክዳኑ ይታሸጋል። እንደ ወትሮው ይነዳሉ። ስንመለስ እንደገና እንሞላለን፤ የገባው የበላው ነው። ውጤቱን ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ለሥራ አስኪያጁ አቀርባለሁ።»

ጎረቤቴ ዓርብ ከመውጣቱ በፊት ቫኗ ሥር ተኝቶ በእጅ ባትሪ ቱቦውን ሁሉ አየ፤ በጣቱ እየነካ አሸተተ። የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። ቢያንጠባጥብ ስለት ያስገባ ነበር። ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፈ ሚስቱ ናት የነገረችኝ፤ አንዱን ጉንጩን ተላጭቶ ሌላውን ረስቶ ወጥቷል፣ ሱቅ ደርሶ ምን ሊገዛ እንደመጣ ጠፍቶት ተመልሷል። ስትጠይቀው «ምንም» አላት። ሁለተኛ ስትጠይቀው ነገራት። እሷ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር ሲከብዳት አትጮህም፣ ትቆጥራለች። «ነገ የእህትህ ልጅ ጋ ሂድ» አለችው።

የእህቱ ልጅ መካኒክ ናት። ጋራዧ ትንሽ ናት፤ እሷ ግን ሞተር በጆሮዋ የምታነብ ናት ይባልላታል። እሑድ ከምሳ በኋላ ሄደ። ነገሩን ሰምታ ጨረሰችና የራሷን መኪና ቁልፍ ሰጠችው።

«አጎቴ፣ እንደምትነዳው ንዳልኝ።»

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አደረገች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትነዳው?»

«ምን አጠፋሁ?»

«መኪናዬ እየጮኸች ነዋ።»

«አልጮኸችም፣ ቀሏት ነው።»

«ለጆሮህ ነው የቀለለው» አለችው። ዳር ላይ አስቆመችው። «እናንተ ጋ አንሶላው ፎቅ ላይ አይደል የሚተኮሰው?»

«አዎ።»

«አንዷ ሴት አንድ አንድ አንሶላ እየያዘች መቶ ጊዜ ደረጃ ብትወጣ፣ ሌላዋ አሥር አሥሩን ይዛ አሥር ጊዜ ብትወጣ፣ ማታ የበለጠ የሚርባት ማን ናት?»

«መቶ ጊዜ የወጣችዋ።»

«ሸክሟ ቀላል አልነበረም?»

«ራሷን መቶ ጊዜ ተሸክማ ወጥታለቻ» አለ።

«ሞተርም ራሱን ይሸከማል፣ አጎቴ። ብረቱን ለማዞር ብቻ የሚበላው አለ። በሦስተኛ በስድሳ ስትሄድ በደቂቃ ሦስት ሺህ ተኩል ጊዜ ታዞረዋለህ፤ በአምስተኛ ሁለት ሺህ በበቃው። ሌላም አለ። የቤንዚን ሞተር አየር የሚስብበት በር አለው፤ በሩን የሚከፍተው እግርህ ነው። አንተ እየራራህ ስለምትነካው በሩ ገርበብ እንዳለ ይውላል። አፍንጫህን ይዘህ በለስላሳ መጠጫ ቀጭን ቱቦ እየተነፈስክ ደረጃ ብትወጣ ምን ትሆናለህ?»

«እሞታለሁ።»

«እሷ አትሞትም፤ ትንፋሽ ለመሳብ በምታጠፋው ጉልበት ያንተን ቤንዚን ትበላለች። ከፍ ባለ ማርሽ ቀስ ብላ ትዙር፣ እግርህን ጠለቅ አድርግ፣ በሩ ይከፈት። ያኔ በእያንዳንዷ ዙር ሙሉ ሥራ ትሠራለች። ወለሉ ላይ ለጥፈው አላልኩህም፤ ያም ያባክናል። ደግሞ ስትንቀጠቀጥና ስታንኳኳ ማርሽ ቀንስ፣ እሱ እውነትም ሕመም ነው። ማጉረምረሟን ግን ተዋት።»

«የማጉረምረሟ ነገር ነው የሚገድለኝ» አላት።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለማመደችው። አምስተኛ ባስገባ ቁጥር መዳፉ ይረጥብ ነበር፤ በሱሪው ላይ ይጠርገዋል፤ ይመለሳል። የሷ መኪና የምትበላውን በቁጥር የምታሳይ ነች፤ ቁጥሯ በሦስተኛና በአምስተኛ መካከል እንዴት እንደወረደች በዓይኑ አየ። ለሞተሯ ያዘነላት ሁሉ ሲያስርባት መክረሙን ያን ቀን ገባው። ቤቱ ሲገባ ቀለል ብሎት ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያልበላውን አንድ ላይ በላ።

ሰኞ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ሚስቱ ጠየቀችው።

«ዛሬ ስንት ይወጣል?»

«እንዳስተማረችኝ ከነዳሁ አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ሲወጣ ምን ይሉሃል?»

«ጎበዝ ይሉኛል እንጂ ምን ይላሉ?»

ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አይሉህም። ሰው አጠገብህ ሲቀመጥ አሥራ አንድ፣ ብቻህን ስትሆን አሥራ አራት። ሦስቱን ሊትር ብቻህን ስትሆን ምን ታደርገዋለህ ነው የሚሉህ።»

አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶ እንደሆነ ቀረ። ሳያስበው የሌብነቱን ማስረጃ ትናንት ሲለማመድ ነው የዋለው።

«እንደ ድሮው ልንዳዋ።»

«አሥራ አራት ከወጣ ንጹሕ ነህ። ግን ሞተሩን ሆን ብሎ አስጩኾ ነው ካለስ ኃላፊው?»

«እንግዲያውስ አስቀድሜ ልንገረው።»

«ቢያንስ ንገረው።»

«ሲጨንቀው ሰበብ ፈጠረ ይለኛል፣ ሴትዮ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እሱ ግን እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነበር ያለው።

ግቢ ሲደርስ ታንኩ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ኃላፊው ፈርሞበት ጠበቀው። እሱንም አስፈረመው። ሁለቱ ሹፌሮች ቫኖቻቸውን ተደግፈው ያያሉ። አንደኛው «ጋሼ፣ አይዞህ» አለው። በሌላ ቀን ቀልድ ይጨምርበት ነበር፤ ዛሬ አለመጨመሩ ጎረቤቴን የበለጠ አስፈራው።

ወጡ። ሦስተኛ አስገባ፤ ሞተሩ ማፏጨት ጀመረ። ይኸው፣ የምታወቅበት ይህ ነው አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ ሆን ብሎ አስጮኸ ይለኛል ብሎ አራተኛ አስገባ። ሞተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመ፤ ደግሞም አሥራ አንድ ከወጣ ሌባ ሊባል ነው፤ ወደ ሦስተኛ መለሰው። ትንሽ ሄዶ እንደገና አራተኛ። ኃላፊው ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቷል፤ ምንም አይጽፍም። ምንም አለመጻፉ ራሱ ነገር ነው። ጋሼ ሦስተኛ አንገቱ ሥር የሚወርደውን ላብ በትከሻው ጠረገ።

የመጀመሪያው ሆቴል ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ጥቅሎቹን አውርደው ያደፈውን ሲጭኑ፣ አንድ የአንሶላ ክምር እንዳቀፈ፣ ሚስቱ ያላሰበችው ሦስተኛ ነገር ታየው። እንዲህ ግማሽ በዚህ ግማሽ በዚያ እየነዳ ከሄደ የሚወጣው አሥራ ሁለት ተኩል ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ደግሞ ንጹሕም ጎበዝም አያደርገውም፤ ለመደበቅ ሲሞክር መሃል ላይ የተያዘ ሰው ቁጥር ነው። ክምሩን ቫኗ ውስጥ ወረወረና ወደ ኃላፊው ዞረ።

«አለቃ፣ ይህ ፈተና ተበላሽቷል።»

«ማን አበላሸው?»

«እኔ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረው፤ የድሮውን ዳገት፣ የእህቱን ልጅ፣ ደረጃ የምትወጣዋን ሴት፣ በሩን፣ ሁለቱን ቁጥሮች፣ መሃለኛውንም። ሲናገር ድምፁ እንደሰበብ እንደሚሰማ ለራሱም ይታወቀዋል፤ ግን ቆሞ ከቀረ እንደገና እንደማይጀምር አወቀ። ሲጨርስ ኃላፊው ጠየቀው።

«ይህን ወጥመድ ዛሬ ጠዋት ነው ያሰቡት?»

«ሚስቴ ናት ያሰበችው። እኔማ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።»

ኃላፊው ሳቅ ሊል ነበር፤ መልሶ ዋጠው። «ቀስ ብሎ የሚነዳ የበለጠ ይበላል ነው የሚሉኝ?»

«ቀስ ማለቴ አይደለም የሚያስበላት። ሳላሠራት ማሯሯጤ ነው።»

«እኔ ማርሽ አላውቅም፣ ጋሼ። ቃልዎንም ማመን አልችልም፤ የማምነው ቁጥር ነው።»

«ቁጥሩን ላሳይዎት። ሁለት ጊዜ እንንዳው። አንዴ በወትሮው፣ አንዴ በአዲሱ። ያው መንገድ፣ ያው ጭነት።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ሌሎቹ ሆቴሎች አንሶላ እየጠበቁ ነው። ጥቂት አሰበና «እሺ» አለ። «ግን ቁጥሩ እንዳሉት ካልወጣ ሰበብ የለም።»

ሆቴሉ አጠገብ ነዳጅ ማደያ አለ። «ኃላፊው እንደፈራሁት ጥንቁቅ ነው» አለኝ ጎረቤቴ። ማሸጊያውን በእጁ ቀዶ እስከ አፉ አስሞላ፤ ጎማዎቹ የቆሙበትን ቦታ በኖራ ድንጋይ አሰመረ፣ ቫኗ ዘንበል ብትል የሚገባው ቤንዚን ይለያያል ብሎ። ቀጂዋን ሴት «ሦስቱንም ጊዜ አንቺው ቅጂልን» አላት። እሷ «ውድድር ነው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

መጀመሪያ በወትሮው። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር እስከ ድልድዩ፣ አሥራ አምስት ወደኋላ፤ መሃል ላይ አንድ ዳገት አለ። ሦስተኛ፣ ስድሳ፣ ፉጨት። ኃላፊው ዛሬ ገና እንደሰማው ሁሉ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። ሲመለሱ ጎማዎቹ በኖራው ላይ ቆሙ። አራት ነጥብ ሦስት ሊትር ገባ። ኃላፊው ጻፈ።

ሁለተኛው ነው የከበደው። ፍጥነቱ ያው ስድሳ መሆን አለበት፤ ከስድሳ ቢወርድ ቀስ ብለው ነው የቆጠቡት ሊባል ነው። አምስተኛ አስገባ። እግሩን ጠለቅ አደረገ። ቫኗ ዝም አለች፣ ፉጨቱ ጠፋ፣ በሱ ቦታ ዝቅ ያለ ወፍራም ድምፅ መጣ። በሜዳው ቻለው። ዳገቱ ሲጀምር ወደ አራተኛ አወረደውና ረገጠ፤ ሞተሩ አጉረመረመ፤ ያ የሠላሳ ዓመት ድምፅ መቀመጫው ሥር ተነሣ። ቀኝ እጁ ብቻውን ወደ ማርሹ ሄደ።

ሦስተኛ ቢያስገባ በዚህ ዳገት ላይ ስንት ይጨምራል? ትንሽ። ያቺ ትንሽ ግን ስሙን ልታጠፋው ትችላለች። ባያስገባስ፣ ቋ ብሎ ቢቀር፣ ኃላፊ አስቀምጦ የድርጅት ሞተር ገደለ ሊባል ነው። ትንቀጠቀጣለች ወይ ብሎ መሪውን በጣቶቹ ሰማው። አትንቀጠቀጥም። ታንኳኳለች ወይ? አታንኳኳም። ታጉረመርማለች ብቻ።

«ጋሼ፣ ደህና ናት?» አለ ኃላፊው። እሱም በሩን ይዟል።

«ሥራ ላይ ናት» አለ ጎረቤቴ። ያለውን ራሱም አላመነውም። እጁን ከማርሹ ላይ አንሥቶ መሪው ላይ አደረገና በሁለት እጁ ያዘ። ዳገቱ አናት እስኪደርሱ አልተነፈሰም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ጨርሶ አያስታውሰውም።

ማደያው ሲደርሱ ከመኪናው ወረደና ጀርባውን ለመቅጃው ሰጥቶ ቆመ። የመቅጃውን ጉርጉርታ ይሰማል። ቆመ ሲባል እንደገና ጀመረ፤ እስከ አፉ ነውና። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው። እሱ ግን ያቺን ደቂቃ ከስምንቱ ወር ሁሉ ትረዝማለች ይላል።

«ሦስት ነጥብ አራት» አለች ቀጂዋ።

ኃላፊው ወደ መቅጃው ቀርቦ ቁጥሩን በራሱ ዓይን አየ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፈ፤ ለመቶ ኪሎ ሜትር አባዛቸው፤ እንደገና አባዛቸው። ከአሥራ አራት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከአሥራ አንድ ትንሽ ከፍ ያለ።

«ቤንዚን አልሰረቁም፣ ጋሼ» አለ።

ጎረቤቴ ስልኩን አውጥቶ ለሚስቱ ደወለና ሳያናግራት ለኃላፊው ሰጠው። «እርስዎ ይንገሯት። እኔ ብነግራት ልታጽናናኝ ነው ትለኛለች።»

ኃላፊው ነገራት። ከዚያ አዳመጠና ስልኩን ከጆሮው ራቅ አደረገ። «በጽሑፍ ነው በቃል? ትላለች ባለቤትዎ።»

ስለዚህ በጽሑፍ ሆነ። የቫኗ ኮፈን ላይ ወረቀት ዘርግተው ኃላፊው ጻፈ፤ ሁለቱ ፈረሙ፤ ቀጂዋን ምስክር ሁኚልን አሏት።

«ምን የሚል ነገር ላይ ነው የምፈርመው?»

«ይህ ሰው የድርጅቱን ቤንዚን አልወሰደም የሚል ላይ» አለ ኃላፊው።

«ታዲያ ማን ወሰደው?»

«እኔው ነኝ» አላት ጎረቤቴ። «በጭስ ማውጫው በኩል ስሸኘው ነው የከረምኩት።»

ሴትዮዋ አልገባትም፤ ፈረመች። ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሥራ አስኪያጁ እንዴት ስምንት ወር ሙሉ ሳታውቁ ቀራችሁ ብሎ መጠየቁ አይቀርም» አለ። «እሱን አብረን እንመልሳለን። ለሁለቱ ሹፌሮች ግን እርስዎ ራስዎ ቢያስረዷቸው ይሻላል።» ሌባ መባል ቀርቶ ጅል መባል ብቻ ቀረው ማለት ነው፤ ጎረቤቴ ይህን በደስታ ተቀበለ።

የኃላፊው ስልክ ጠራ። ሁለተኛው ሆቴል ነበር፤ አልጋዎቹ ራቁታቸውን ናቸው፣ እንግዶች ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ተጣድፈው ገቡ። ጎረቤቴ አምስተኛ አስገብቶ ነዳ፤ ሆቴሉ ጓሮ ደርሰው ጥቅሎቹን ማውረድ ጀመሩ።